የአሮጌ መኪና ጌጅ አልሠራ ሲል፦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወጣውን ዳገት የሚያውቅ ሰው መኪና እዚያ ላይ ምን ያህል እንደሚደክም ያውቃል። ከፊት የጫነ ሲኖትራክ እያቃሰተ ይወጣል። ከኋላ ሚኒባስ ክላክስ ያደርጋል። መሐል ላይ እናንተ በሁለተኛ ማርሽ ትንፏቀቃላችሁ። ቤቴ ሱሉልታ ስለሆነ ያንን ዳገት በአንዲት ዲኤክስ ኮሮላ ለዓመታት ተመላልሼበታለሁ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ዳገቱን እንዳጋመስኩ፣ የሙቀት ጌጁ ቀስት ከመሐል ተነስታ ቁልቁል ወረደች። ሞተሩ ገና እንዳልሞቀ ሁሉ ታች ተኛች። "ጌጁም ተበላሸ ማለት ነው" አልኩና መንዳቴን ቀጠልኩ። ትንሽ እንደሄድኩ ጣፋጭ የኩላንት ሽታ መጣ። ከዚያ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተትጎለጎለ። የራዲያተሩ የታችኛው ቱቦ ተቀዶ ውሃው አልቆ ነበር። ሴንሰሩ ውሃ ውስጥ መሆኑ ቀርቶ ባዶ ቦታ ላይ ስለተንጠለጠለ ሙቀቱን ማንበብ አልቻለም። ጌጁ ምንም አልሆነም ነበር። የተቃጠለው የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ ራስና በአካሉ መሐል ያለው ማሸጊያ ነው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ሌላ ሰው እዚያው ዳገት ላይ እኔ የሠራሁትን ስህተት እንዳይደግም ብዬ ነው። የምናገረው እያንዳንዱ ጌጅ የራሱ ሽቦና የራሱ ሴንሰር ስላለው አሮጌ መኪና ነው። ዲኤክስ፣ ላዳ፣ ቮልስ፣ አሮጌ ፔጆ፣ የድሮ ፒክአፕና የድሮ ሃይሉክስ ከነዚህ ናቸው። ጌጃቸውን ኮምፒውተር የሚያዛቸው አዳዲስ መኪኖች ሌላ ዓይነት ምርመራ ይፈልጋሉ።

መጀመሪያ ሞተሩን እዩ

መኪናዋን ሜዳ ቦታ ላይ አቁሙና ሞተሩን አጥፉ። ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ትቀዝቅዝ። የራዲያተር ክዳን በትኩሱ ሲከፈት የሚወጣው ውሃ ፊትና እጅ ይልጣል፤ በዚህ ነገር ላይ ችኮላ የለም። የላይኛውን ቱቦ በእጃችሁ ጨመቅ አድርጉት። ካልወጠረና ካልሞቀ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ክፈቱ። ውሃው እስከ አፉ መድረስ አለበት። ከጎደለ ጌጁን ተዉትና ውሃው የት እንደሄደ ፈልጉ።

ቀጥሎ የዘይቱን መለኪያ አውጥታችሁ ጥረጉት፣ መልሳችሁ ክተቱት፣ እንደገና አውጡት። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መሐል መሆን አለበት። ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ያን ጊዜ መኪናዋን ሳታስነሱ መካኒክ ጥሩ።

እኛ አካባቢ ደግሞ ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። የብዙ መኪኖች ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋው በር) የሚከፈተው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ላይ ስለሆነ በሁለቱ መሐል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው። ያንን ክፍተት የሚያሰፋልን የራዲያተሩ ክዳን ነው። ብዙዎቹ ክዳኖች ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። በባር የሚለካ ግፊት ነው። ጤነኛ ክዳን ያንን ግፊት አፍኖ ስለሚይዝ ውሃው 110 ዲግሪን ሳያልፍ አይፈላም። የክዳኑ ላስቲክ ደርቆ ከተሰነጠቀ ግን ጌጁ መሐል ላይ ቆሞ እያለ ውሃው ተንተክትኮ ሊወጣ ይችላል። ሰው ያኔ "ጌጁ ዋሸኝ" ይላል። ጌጁ 92 ዲግሪን በትክክል አሳይቷል፤ የከዳው ክዳኑ ነው።

ሁልጊዜ ቀዝቃዛ የሚያሳይ ጌጅም ሁሌ የተበላሸ አይደለም። መኪናዋ ከዚህ በፊት ሂት አድርጋ፣ ማለትም ከመጠን በላይ ሞቃ ከሆነ ቴርሞስታቱን አውጥተው ጥለውት ሊሆን ይችላል። ብዙ ጋራዥ ይህን ያደርጋል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በተለይ በክረምት ጠዋት፣ በሱሉልታ ብርድ፣ ሙቀቱ ወደ ቦታው ሳይደርስ አዲስ አበባ ትገባላችሁ። ጌጁ የሚያሳየው እውነቱን ነው። እኔ ቴርሞስታት ማውጣትን አልደግፍም። ሞተር ሳይሞቅ ሲነዳ ቤንዚን ይበላል፣ ቶሎም ያረጃል።

ምልክቱን ልብ በሉ

ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ሁለት ቀን መኪናዋን እየነዳችሁ ተመልከቱ። የምታዩትን ጻፉት። ይህ እርምጃ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል፣ ገንዘብም አያስወጣም።

አንድ ጌጅ ብቻ ከሞተ ችግሩ ያለው ከሴንሰሩ እስከዚያ ጌጅ ባለው መንገድ ላይ ነው። የነዳጁና የሙቀቱ ጌጅ አንድ ላይ ከሞቱ ወይም አንድ ላይ ከመጠን በላይ ከወጡ ሁለቱን በጋራ የሚመግበውን የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ጠርጥሩ። ሁሉም ጌጆች ከማስጠንቀቂያ መብራቶቹ ጋር ከጠፉ ወደ ፊውዙ ሂዱ። ማታ የፊት መብራት ስታበሩ ቀስቶቹ ከቦታቸው ከተነሱ፣ ፍሬቻ ስታሳዩም አብረው ከዘለሉ፣ የማሳ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ችግር ነው። ኮብልስቶን ላይ ስትነዱ ቀስቷ የምትሞትና አስፋልት ላይ የምትነሳ ከሆነ የሆነ ቦታ የላላ ነገር አለ። ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚያብድ ጌጅ ደግሞ ከመኪናው ሥር ጭቃ የገባበት ሶኬት አለው።

የከተማው ዳር ኗሪዎች ይህ የመጨረሻው በደንብ ይመለከተናል። ዋናው አስፋልት አልፎ ወደ ሰፈር ውስጥ የሚያስገባው መንገድ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። ያ ጭቃ የሚለጠፈው የነዳጅ ታንኩ ሽቦ ያለበት ቦታ ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ቴስተር፣ ማለትም ቮልትና ኦም የሚለካ መሣሪያ ያስፈልጋችኋል። ርካሹም ይበቃል። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ የተማሪ ላጲስ፣ ቫዝሊንና ሁለት ሜትር የሚሆን ሽቦ አዘጋጁ። ፎቶ ለማንሳት ስልካችሁን አቅርቡ።

ከሁሉም የምወደው ዕቃ ግን ሁለት አጫጭር ሽቦ የተበየደባት ትንሽ አምፖል ናት። 12 ቮልት፣ 3.4 ዋት። የዳሽቦርድ መብራት የሚሆኑት ትንንሾቹ አምፖሎች ይህን መጠን ይይዛሉ። የምትጠቅመው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ጌጅ ሲሞክር የሴንሰሩን ሽቦ ነቅሎ በቀጥታ ብረት ያስነካል። ጌጁ ውስጥ ያለው ሽቦ ግን እንደ ፀጉር ቀጭን ነው። አምፖሏ መሐል ላይ ስትገባ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ትገድበዋለች። መስመሩ ደህና ከሆነ ደግሞ ስለምትበራ ውጤቱን በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ፊውዝ

በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች የጌጆቹ ፊውዝ የኋላ ማርሽ መብራቱንም ይመግባል። ስለዚህ ቁልፉን ከፍታችሁ የኋላ ማርሽ አስገቡና አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ይይላችሁ። መብራቱም ጌጁም ከሌለ ፊውዙን ፈልጉት። ዓይን ያታልላል፤ አውጥታችሁ በቴስተር ለኩት።

ላዳና ቮልስ ያላችሁ ደግሞ ፊውዛችሁ ባለ 8 አምፔር የሸክላ ነው። እሱ ሳይቃጠልም ጫፉ ዝጎ መስመር ይዘጋል። በጣታችሁ ቦታው ላይ ሁለት ሦስቴ አሽከርክሩት። ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ጌጁ ይነሳል። በተቃጠለ ፊውዝ ፋንታ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት መጠቅለል መኪና ያቃጥላል። ፊውዝ ዋጋው ከሻይ አይበልጥም፣ ሁለት ሦስት ትርፍ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ።

ማሳ

ኤሌክትሪሺያኖች ማሳ የሚሉት የባትሪው ኔጌቲቭ ከመኪናው ብረት ጋር የሚገናኝበትን መንገድ ነው። ከሴንሰሩ የሚመለሰው ኤሌክትሪክ ሁሉ በዚያ ያልፋል። አሮጌ መኪና ላይ ከሴንሰር ይልቅ የሚበላሸው ይሄ ነው።

የሚፈተሸው እንዲህ ነው። ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጉ። ጥቁሩን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ያዙ። ቁልፉን ክፈቱ፣ የፊት መብራት አብሩ። ቀዩን ጫፍ የሞተሩ ንጹህ ብረት ላይ አስነኩ፣ ከዚያ የመኪናው አካል ላይ፣ ከዚያ ከዳሽቦርዱ ኋላ የማሳው ሽቦ የታሰረበት ብሎን ላይ። ሁሉም ቦታ ላይ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ቁጥር ማንበብ አለባችሁ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካገኛችሁ እዚያ መንገድ ላይ ዝገት አለ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ብሎኑን ፍቱ፣ ሽቦው የሚያርፍበትን ቦታ ብረቱ እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ላዩን ቫዝሊን ቀቡት። መኪናችሁ በቅርቡ ላሜራና ቀለም ከተሠራ ይህን መጀመሪያ አድርጉት። ቀለም ቀቢው ብረቱን ሁሉ ሲቀባ የማሳውንም ቦታ አብሮ ይቀባል። ሽቦው በቀለም ላይ ይታሰርና ጌጁ ያብዳል። ሰውየው ሥራውን አሳምሮ ሠርቷል፤ መቀባት የሌለበት ነጥብ እንዳለ ግን ማንም አልነገረውም።

የሙቀት ጌጅ፦ ሽቦውን ነቅሎ መሞከር

ሴንሰሩ ብዙውን ጊዜ ቴርሞስታቱ አካባቢ፣ ሞተሩ ላይ እንደ ብሎን በጥርሱ ተጠምዝዞ የገባ ትንሽ የነሐስ ራስ ነው። አንድ ሽቦ ብቻ አለው። ባለ ሁለት ሽቦ ካገኛችሁ ለፋን ወይም ለሌላ ሥራ ሊሆን ስለሚችል አትንኩት።

ቁልፉ ተዘግቶ እያለ ሽቦውን ንቀሉ። የትም ብረት እንዳይነካ አድርጉት። አሁን ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱ። ቀስቷ ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ መተኛት አለባት። ሽቦው ተነቅሎ እያለ ወደ ላይ ከወጣች ሽቦው መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ተልጦ ብረት ይነካል።

ቀጥሎ የአምፖሏን አንድ ጫፍ ከተነቀለው ሽቦ ጋር፣ ሌላውን ጫፍ ከሞተሩ ንጹህ ብረት ጋር አገናኙ። አምፖሏ ትበራለች ወይም ብልጭ ድርግም ትላለች። ቀስቷም ወደ ሙቁ በኩል መሄድ ትጀምራለች። የድሮ ጌጅ ውስጡ በሚሞቅ ቅጠል ብረት ስለሚሠራ ቀርፋፋ ነው። እስከ ሠላሳ ቁጠሩ፣ ታገሡ። ቀስቷ ወደ ላይኛው ጫፍ ስትጠጋ ሽቦውን አላቁት።

ቀስቷ ከተነሳች ጌጁም ሽቦውም ደህና ናቸው። የቀረው ሴንሰሩ ነው። ካልተነሳችና አምፖሏም ካልበራች ሽቦው ላይ ቮልት መኖሩን በቴስተር እዩ። ከሌለ መስመሩ ተቆርጧል ወይም ጌጁ ሞቷል፤ ዳሽቦርዱ መከፈት አለበት።

ሴንሰሩን ከነቀላችሁት ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። ይህን ሙከራ እወደዋለሁ፤ ልጆቼም ቁጭ ብለው ያዩታል። ቴስተሩን ኦም ላይ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሲያልፍ የሚገጥመውን ተቃውሞ በሚለካው ላይ አድርጉት። አንዱን ጫፍ የሴንሰሩ ሽቦ የሚሰካበት ላይ፣ ሌላውን የነሐስ አካሉ ላይ ያዙ። በቀዝቃዛው በመቶዎች የሚቆጠር ኦም ያሳያል። አሁን ጫፉን የፈላ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ አስገቡት፤ ሽቦ የሚሰካበትን ራሱን ግን አታርጥቡ። ቁጥሩ ወዲያው እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ አስሮች ውስጥ ይቆማል። ውሃው እየቀዘቀዘ ሲሄድ ቁጥሩ መልሶ መውጣት አለበት። ካልተንቀሳቀሰ ወይም ከዘለለ ሴንሰሩ አብቅቷል።

መልሳችሁ ስትገጥሙ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ማሳ የሚያገኘው በጥርሱ በኩል ነው። ላዳ ታክሲ የሚነዳ ጎረቤቴ አንድ ቅዳሜ መጣና፣

"ጋሼ፣ ሴንሰሩን ሁለት ጊዜ ቀየርኩት፤ አሁንም አይነሳም" አለኝ።

"በምን አሰርከው?"

"ውሃ እንዳያፈስ ብዬ በደንብ ቴፍሎን ጠቀለልኩበት።"

ሴንሰሩን ስንፈታው ነጭ ጥጥ የለበሰ ይመስል ነበር። ጥርሱ ሞተሩን የሚነካበት ቦታ አልነበረም። ቴፍሎኑን በጥፍራችን ልጠን ጥርሱን አጸዳንና በንጹሁ መልሰን ገጠምነው። ቁልፉን ሲከፍት ቀስቷ ነቃ አለች። ሁለቱም የገዛቸው ሴንሰሮች ደህና ነበሩ።

የነዳጅ ጌጅ

ይህ ሥራ ከቤንዚን ጋር ስለሆነ በሌላ ልብ ያዙት። ውጭ፣ አየር ባለበት ቦታ ሥሩ። ሲጋራ የለም። ግቢ ውስጥ ቡና እየተፈላ ከሆነ ከሰሉ እስኪነሳ ጠብቁ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ እሳት ይፈልጋል። ታንኩ ከመከፈቱ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። ታንኩ ሙሉ ሆኖ አትጀምሩ፤ ሩብ ሲደርስ ይሻላል።

መጀመሪያ የሚደረገው እንደ ሙቀቱ ጌጅ ነው። የታንኩ ሴንሰር ክዳን ብዙውን ጊዜ ከኋላ ወንበር ሥር ወይም ከሻንጣው ምንጣፍ ሥር ይገኛል። ሶኬቱን ንቀሉ፣ ቁልፉን ክፈቱ፣ በአምፖሏ አድርጋችሁ የጌጁን ሽቦ ማሳ አስነኩ። ይህን የምታደርጉት ታንኩ እንደተዘጋ እያለ ብቻ ነው። የጃፓን መኪና ከሆነ ቀስቷ ወደ ሙሉ ትሄዳለች። ከሄደች ዳሽቦርዱን እርሱት፣ ችግሩ ታንኩ ጋ ነው። በአንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች አሠራሩ ተቃራኒ ስለሆነ ወደ ባዶ ብትሄድ አትደንግጡ። ዋናው መንቀሳቀሷ ነው።

ታንኩ ጋ መሆኑን ካወቃችሁ ሴንሰሩን ሳታወጡ በኦም ለኩ። በብዙ ቶዮታዎች ሙሉ ታንክ 3 ኦም ገደማ፣ ባዶ ታንክ 110 ኦም ገደማ ያሳያል። ግማሽ ላይ 30 አካባቢ ነው። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ውስጡ ተቆርጧል፣ ወይም ሴንሰሩ ማሳ አጥቷል። ማሳውን ለማወቅ ከሴንሰሩ ክዳን ወደ መኪናው ብረት ጊዜያዊ ሽቦ ዘርጉ። ቁጥሩ ከመጣ ያ ሽቦ ቋሚ ይሁን።

አሁን ማውጣት ካለባችሁ ባትሪው መነቀሉን አረጋግጡ። በክዳኑ ዙሪያ ያለውን አቧራ በብሩሽና በጨርቅ ጥረጉ። ያ አፈር ታንክ ውስጥ ከወደቀ ሌላ ችግር ትከፍታላችሁ። ብሎኖቹን ፈትታችሁ ሴንሰሩን እያዘነበላችሁ አውጡት፤ ክንዱ ረጅም ስለሆነ በጉልበት ከተጎተተ ይጣመማል። ከክንዱ ጫፍ ላይ ተንሳፋፊዋን ታገኛላችሁ። ጠርጋችሁ ጆሯችሁ ጋ አድርጋችሁ ነቅንቋት። ውስጧ የሚንቦጫረቅ ድምፅ ካለ ቤንዚን ጠጥታለች። እንዲህ ያለች ተንሳፋፊ ስለምትሰጥም ታንኩ ሙሉ ሆኖ ጌጁ ባዶ ይላል። ቀይሯት። የነሐስ ከሆነች በእሳት ልበይዳት ብላችሁ አታስቡ፤ ውስጧ ቤንዚን አለ፣ ትፈነዳለች።

ተንሳፋፊዋ ደህና ከሆነች ክንዱን ከታች ወደ ላይ በጣም ቀስ እያደረጋችሁ አንሱ፣ ቴስተሩን እያያችሁ። ቁጥሩ ያለ ዝላይ መሄድ አለበት። አንድ ቦታ ላይ ከጠፋ፣ የምትንሸራተተው ምላስ የምትነካው ቀጭን ሽቦ እዚያ ተበልቷል። ሁሌም ታንኩን ግማሽ ላይ የሚያንዣብብ ሰው መኪና መሐሉ ላይ ይበላል። በመጠኑ ከሆነ በንጹህ ጨርቅ መጥረግና ምላሷን በጥንቃቄ ትንሽ ጠበቅ ማድረግ ያነሳዋል። ከተበጠሰ ግን መቀየር ነው። ስትመልሱ የክዳኑን ጎማ አዲስ አድርጉ፤ አሮጌው ዳግም አይጠብቅም፣ መኪናው ውስጥ ቤንዚን ይሸታችኋል።

ሁለት ጌጅ አንድ ላይ ሲያብድ

የድሮ የነዳጅና የሙቀት ጌጅ በ12 ቮልት አይሠራም። ባትሪው ከፍ ዝቅ ሲል ቀስቷ እንዳትናወጥ መሐል ላይ አንዲት መቆጣጠሪያ አለች። እንደ መኪናው ዓይነት ከ5 እስከ 10 ቮልት ታወጣለች። ዳሽቦርዱ ጀርባ ላይ እንደ ክብሪት ቀፎ ያለች ቆርቆሮ ሆና ትታያለች፣ ወይም የነዳጅ ጌጁ ውስጥ ተደብቃለች። የድሮዋ እየበራች እየጠፋች ስለምትሠራ ቴስተር ላይ ቁጥሩ ይዘላል። ያ ጤንነት ነው። ቋሚ 12 ቮልት ካነበባችሁ ግን ተጣብቃለች፣ ወይም ቆርቆሮዋ ማሳ አጥታለች። ማሳ ያጣች መቆጣጠሪያ ሙሉውን ቮልት ስለምትለቅ ነዳጁም ሙሉ፣ ሞተሩም ትኩስ ይመስላል። ስለዚህ ከመቀየራችሁ በፊት የታሰረችበትን ብሎን አጽዱና አጥብቁ።

ዳሽቦርዱን መክፈት

የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶ አንሱ፤ ማታ ላይ ስትገጥሙ ታመሰግኑኛላችሁ። በፀሐይ የደረቀ ፕላስቲክ በቀላሉ ስለሚሰበር ብሎኖቹን ሁሉ ሳታገኙ አትጎትቱ። ጌጆቹ የተቀመጡበት ሳጥን ትንሽ ወደ ፊት ሲመጣ ከጀርባው የኪሎሜትሩ ገመድ ያዝ ያደርጋል። እጃችሁን አሳልፋችሁ መያዣውን ጫን አድርጋችሁ አላቁት።

ጀርባውን አዙራችሁ በብርሃን ተመልከቱ። ቀጭን ፕላስቲክ ላይ የታተሙ የመዳብ መስመሮች ታያላችሁ። አረንጓዴ ያወጣ ወይም የተሰነጠቀ መስመር ካለ ችግራችሁ እሱ ሊሆን ይችላል። ሶኬቱ የሚሰካበትን መዳብ በላጲስ ቀስ ብላችሁ ፈትጉት። ጥቁሩ ይለቅና ብርቱካንማ ሆኖ ያበራል። የብርጭቆ ወረቀት እዚህ አትጠቀሙ፣ መዳቡን ሙልጭ አድርጎ ይወስደዋል። ጌጆቹን የያዙትን ትንንሽ ዳዶዎች በጣታችሁ ሞክሯቸው። ከሰፈር ሰፈር ኮብልስቶን ሲያንቀጠቅጣት የኖረች መኪና ላይ ሁለት ሦስቱ ላልተው ይገኛሉ። የእኔዋ ላይ የነዳጅ ጌጁን ዳዶ ሩብ ዙር ሳጠብቅ ለአንድ ዓመት የጠፋው ጌጅ ተነሳ። ቀስቷን ራሷን ግን በጣታችሁ አትግፉ።

የዘይት መብራት

ይህ ላይ አልደራደርም። እየነዳችሁ የዘይት መብራት ከበራ ዳር ያዙና ሞተሩን ወዲያው አጥፉ። "ሴንሰሩ ይሆናል" ብሎ ቤት ድረስ መንዳት ሞተር ይጥላል። ዘይቱን ለኩ። ዘይቱ ሙሉ ከሆነና መብራቱ አልጠፋም ካለ፣ መካኒክ በሴንሰሩ ቦታ የእጅ ግፊት መለኪያ ገጥሞ እውነተኛውን ግፊት እስኪያነብ መኪናዋ አትነዳም። ጋራዡ ሩቅ ከሆነ ተጎትታ ትሂድ።

በተቃራኒው ቁልፍ ስትከፍቱ መብራቱ ጨርሶ የማይበራ ከሆነ የሴንሰሩን ሽቦ ነቅላችሁ ማሳ አስነኩት። ከበራ ሴንሰሩን ቀይሩ፣ ካልበራ አምፖሉን። የማይበራ የዘይት መብራት ያላትን መኪና እንደ ደህና አትቁጠሯት።

የኪሎሜትር ገመድ

ቀስቷ የምትወዛወዝ ከሆነና ጭር ጭር የሚል ድምፅ ካለ ገመዱ ደርቋል። ቀስቷም ቁጥር ቆጣሪውም ከቆሙ ገመዱ ተበጥሷል ወይም ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ላይ ያለችው የፕላስቲክ ጥርስ ተበልታለች። ቁጥሩ እየቆጠረ ቀስቷ ብቻ ከሞተች ችግሩ ራሱ ጌጁ ውስጥ ነው። ገመዱን አውጥታችሁ በስሱ ግሪስ ቀቡት፤ ወደ ጌጁ የሚገባውን ጫፍ ግን ደረቅ ተዉት፤ ግሪሱ ወጥቶ ጌጁን እንዳያበላሽ።

ዕቃ ስትገዙ

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ ያሉንን አሮጌ መኪኖች አክብሮ መያዝ የግድ ነው። ለአሮጌ መኪና የሚሆን ጌጅና ሴንሰር ሱማሌ ተራ ይገኛል። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። በዓይን አንድ የሚመስሉ ሁለት ሴንሰሮች ኦማቸው ሊለያይ ይችላልና ቴስተራችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። ባለ ሱቁን "ወንድሜ፣ ልለካው" በሉት፤ ደህና ዕቃ የያዘ ሰው አይከፋውም። የነዳጁን ሴንሰር ክንዱን ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ ለኩ። የሙቀቱን ሴንሰር እፍኛችሁ ውስጥ ጨብጣችሁ ያዙት፤ በእጃችሁ ሙቀት ብቻ ቁጥሩ ዝቅ ማለት አለበት።

ጥገናው ሲያልቅ አንድ የቀረ ነገር አለ። ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ውሃው ሙሉ ሆኖ፣ ሜዳ ላይ ስትነዱ የሙቀቷ ቀስት የት እንደምትቆም እዩና መስታወቱ ላይ ከዚያ ትይዩ ቀጭን የፕላስተር ቁራጭ ለጥፉ። የነዳጁንም እንዲሁ፦ ታንኩ ሊያልቅ ሲል በጀሪካን አምስት አምስት ሊትር እየጨመራችሁ ቀስቷ የት እንደደረሰች በማስታወሻ ያዙ። የእኔ ፕላስተር ዛሬም እዚያው አለ። ዳገቱን ስጀምር አንዴ፣ የእንጦጦን ትከሻ ስሻገር አንዴ አያታለሁ። ቀስቷ ከሱ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ከሸሸች ዳር ይዤ እቆማለሁ፣ ኮፈኑንም እከፍታለሁ።